ሰማንያ ሊትር

በዳካር ራሊ በሞተር ሳይክል ከሚወዳደሩት አብዛኞቹ ማታ ሰፈር ሲደርሱ ሞተራቸውን ለመካኒክ አስረክበው ወደ እራታቸውና ወደ አልጋቸው ይሄዳሉ። በሰፈሩ አንድ ጥግ ግን መካኒክም ረዳትም ሳያስከትሉ የመጡ ሰዎች አሉ። ቀኑን ሙሉ ሲነዱት የዋሉትን ሞተር ማታ ራሳቸው ይፈቱታል፤ ዘይቱን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ ጎማውን ራሳቸው ያወልቃሉ። ለሁለት ሳምንት የሚያስፈልጋቸው መለዋወጫ 80 ሊትር በሚይዝ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን፣ ድንኳናቸውን፣ የልብስ ሻንጣቸውንና ትርፍ ጎማቸውን አዘጋጁ በጭነት መኪና ከሰፈር ወደ ሰፈር ያደርስላቸዋል፤ የቀረው የእነሱ ሥራ ነው። ተወዳዳሪ ተወዳዳሪን መርዳት ይችላል፤ የውጭ ሰው ግን እጁን ማስገባት አይፈቀድለትም። ምድቡ ለረጅም ጊዜ «ማል ሞቶ» ሲባል ኖሯል፤ አሁን «ኦሪጂናል ባይ ሞቱል» የሚል ስም አለው።

ለረጅም ርቀት የበረሃ ውድድር መዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት እነዚህን ሰዎች መርጫለሁ። በትልልቅ ቡድኖች ዘንድ የዝግጅት ጉድለት በሰው ብዛትና በመለዋወጫ ክምችት ይሸፈናል። እዚህ መሸፈኛ የለም። ቤት ሳይታሰብበት የቀረ ነገር ሁሉ ሌሊት ከእንቅልፍ ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው እንቅልፍ ደግሞ በማግስቱ አሸዋ ላይ በ100 እና በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ሂሳቡን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ካርታ ንባብ ስናወራ በውስጠ ምስጢሩ የምናወራው ስለ እንቅልፍ ነው።

ውድድሩ ራሱ የተወለደው ከመጥፋት ነው። ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1977 ከአቢጃን ወደ ኒስ በሚደረግ ራሊ ላይ በሞተር ሲጓዝ በበረሃ ጠፋ፤ በሕይወት ከተገኘ በኋላ ሌሎችም ያንን በረሃ እንዲያዩት ፈለገ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ከፓሪስ 182 ተሽከርካሪዎች ተነሡ፤ ዳካር የደረሱት 74 ነበሩ። ያን የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፈው ሲሪል ኔቩ የነዳው ያማሃ ኤክስቲ 500 ማንም ሰው ከሱቅ ሊገዛው የሚችል ሞተር ነበር። ውድድሩ በሞሪታንያ የጸጥታ ስጋት ምክንያት በ2008 ተሰረዘ፤ ከ2009 እስከ 2019 በደቡብ አሜሪካ ተካሄደ፤ ከ2020 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። እዚያ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ አንድ የእረፍት ቀን፣ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው።

አሁን አንዱን ቀን እናስላው። ተወዳዳሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይነሣል። ድንኳኑን ያፈርሳል፣ ሣጥኑን ይዘጋል፣ ሁለቱንም ለጭነት መኪናው ያስረክባል። ከዚያ በጨለማና በብርድ 100 ወይም 200 ኪሎ ሜትር አስፋልት ይነዳል፤ ይህ ከቦታ ቦታ መገናኛ መንገድ ነው፣ ፍጥነቱም አይቆጠርለትም። ጥር ላይ የሰሜን ሳዑዲ ንጋት ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ሰውነቱ ሳይፍታታ የሰዓት ቆጣሪው ክፍል ይጀምራል። ይህ ክፍል 300፣ 400፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ነው፦ ድንጋይ፣ ደረቅ ወንዝ፣ የአሸዋ ኮረብታ። እንደገና አስፋልት ነድቶ ሰፈር የሚደርሰው፣ ቀኑ ከቀናው፣ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። የሞተሩ ሥራ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። መብላት አለ፤ የነገውን መንገድ ማብራሪያ መስማት አለ፤ ድንኳን መትከል አለ። እንዲህ ተደምሮ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከተኛ አምስት ሰዓት እንቅልፍ ያገኛል። ከወደቀና የታጠፈ መሪ ማቃናት ካለበት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሦስት ቀን በተከታታይ እንዲህ ካለፈ ጉልበት ያለው ሰው እንኳ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ያለውን ድንጋይ ማየት ይሳነዋል።

ለዚህ ነው ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጂም ሳይሆን ከጋራዥ ነው የምለው። ብዙ ጀማሪዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ስድስት ወር ሲሮጡና ክብደት ሲያነሡ ይከርሙና ሞተሩን ከሻጩ እንደተረከቡት ይዘው ይቀርባሉ።

ከ2011 ጀምሮ የሞተሩ አቅም ከ450 ሲሲ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ድሮ የ750 እና የ1000 ሲሲ ሞተሮች በበረሃው ላይ ይበሩ ነበር፤ ፍጥነታቸውን ለመግታት ነው ገደቡ የመጣው። የዛሬው የራሊ ሞተር ቤንዚን ሳይሞላ ወደ 140 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰልባቲዮዎቹ በድምሩ 33 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ ይህም ወደ 25 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ነው። ሙሉ ሰልባቲዮ ይዞ ከአሸዋ ኮረብታ የሚወርድ ሞተርና ቤንዚኑን ሊጨርስ የቀረበ ሞተር ጠባያቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ልምምድ ሁልጊዜ በሩብ ታንክ መደረግ የለበትም። ሙሉውን ሞልቶ፣ አሸዋ ላይ ጥሎ፣ ብቻውን ማንሣት መልመድ ግድ ነው። በሜዳ የወደቀን ሞተር የሚያነሣለት ሌላ ማንም የለም፤ በአንድ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሊያነሣው ይችላል።

አዲሱን ሞተር እስከ ባዶ አጽሙ ድረስ ፈቶ መግጠም የመጀመሪያው ሥራ ነው። ፋብሪካው ጥሩ አልገጠመውም ለማለት አይደለም። ማታ በግንባር መብራት የሚፈታውን እያንዳንዱን ብሎን እጁ በብርሃን ቀድሞ ማወቅ ስላለበት ነው። በዚህ አጋጣሚ የተለያዩት ብሎኖች በተቻለ መጠን ወደ ሁለትና ሦስት መጠን ይወርዳሉ፤ የሰውነት ሽፋኑን ለመፍታት ስድስት ዓይነት ኪያቤ ከሚያስፈልግ ሁለት ቢበቃ ከሣጥኑ አራት ኪያቤ ወጣ ማለት ነው። ጠብቆ የተገጠመ ብሎን ላይ ከራሱ እስከ ብረቱ ድረስ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመርበታል፤ ማታ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ እየላላ ነው፣ ካልተሰበረ ኪያቤ ማንሣት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ኪያቤ እያሳረፉ መፈተሽ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በዓይን ማየት ግን ሁለት ደቂቃ ነው።

የማታው ሥራ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ። የአየር ፊልትሮ። ካቴናና ጥርሶቹ። የፍሬን ሸራ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጎ ድምፃቸውን መስማት፤ የላላ ራጂ ድምፁ የታፈነ ነው። የጎማውን ኩሽኔታ ቸርኬውን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጎ መፈተሽ። በተለይ የአየር ፊልትሮ ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። የበረሃው አቧራ ከዱቄት የላመ ነው፤ በዘይት የራሰ ስፖንጅ ካልያዘው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑን ይበላዋል። ሰፈር ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ ያወቀበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ፊልትሮ ቤቱ ዘይት ቀብቶ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ ተጭኖ እንዲጠፈጠፍ አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ ይደረድራል። ስፖንጁ ሲጨመቅ ቦታ አይፈጅም። ማታ ላስቲኩን ቀድዶ ይገጥማል፣ የቆሸሸውን በዚያው ላስቲክ ያስገባዋል።

ጎማውን በቅርበት ማየት ይገባናል፤ ትዕግሥት የሚያልቀው እዚያ ነው። የራሊ ጎማ ውስጥ አየር የለም። በአየር ፈንታ ሙስ የሚባል የጎማ ቅርጽ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ይገባበታል፤ እሾህም ሆነ ስለታም ድንጋይ አያፈነዳውም። ችግሩ ይህ ስፖንጅ ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ውስጡ ይፈረካከሳል። የኋላው ጎማ ሲቀየር ሥራው እንዲህ ነው፦ ቸርኬው መሬት ላይ ይጋደማል። ጉልበት ጎማው ጠርዝ ላይ ይወጣና ጠርዙን ወደ ቸርኬው መሃል ይገፋዋል። ረጅም የመፈልቀቂያ ብረት ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ሁለተኛው ይገባል፣ ሦስተኛው ይገባል። ሙሱ በቅባት ስለተለወሰ ከእጅ ይንሸራተታል። አዲሱ ሲገባ የመጨረሻው አንድ ስንዝር ነው አስቸጋሪው፤ እዚያ ላይ የሚታገለው ሰው ሁለት ጉልበቱን ጎማው ላይ አድርጎ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይጫናል። ብርድ ላይ ጎማው ደረቅ ስለሚሆን ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት የሰው ሁሉ መሞቂያ ከሆነው እሳት አጠገብ ያቆዩታል። አዲስ ሰው አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የለመደው በ15 ደቂቃ ይጨርሳል። ይህን ልዩነት ብቻ በሁለት ሳምንት አባዙት። ከጉዞው በፊት ባሉት ወራት ሳይሰለቹ ደጋግመው ጎማ ማውለቅና መግጠም፣ ደክሞ ከሥራ በተገባበት ማታ ማድረግ፣ ከየትኛውም ልምምድ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በ2021 ደግሞ አዘጋጁ ለመላው ውድድር የሚፈቀደውን የኋላ ጎማ በስድስት ገደበው፤ ጎማ እየቆጠቡ መንዳትም ከዚያ ወዲህ አንድ ትምህርት ሆነ።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። 80 ሊትር ሲባል ሰፊ ይመስላል፤ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ትርፍ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ፣ ካቴና፣ ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ኩሽኔታዎች፣ የዘይት ፊልትሮዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ማጣበቂያ፣ ሽቦ ሲገባበት ግን ግማሹ ሄደ። ምን ይግባ ለሚለው ጥያቄ እኔ የምሰጠው መመዘኛ አንድ ነው፦ ዕቃው ቢሰበር ሞተሩ ይቆማል ወይስ ያስቸግራል ብቻ? የሚያስቸግር ብቻ ከሆነ ቤት ይቅር። የተሰነጠቀ ሽፋን በላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል፤ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ግን በምንም አይተካም። ሌላው ወሳኝ ነገር አቀማመጡ ነው። እናት በጨለማ ጓዳ ገብታ ጨው የት እንዳለ ሳትዳብስ እንደምታነሣው፣ ተወዳዳሪውም እያንዳንዱን ዕቃ ሳይፈልግ ማንሣት አለበት። ማታ ማታ የሚፈለገው ከላይ፣ ምናልባት የሚፈለገው ከሥር ይሆናል። ያወጣውን ዕቃ ወደ ቦታው ሳይመልስ አይተኛም።

ይህን ሣጥን ብቻ ይዘው ጨርሰው ያሳዩ ሰዎች አሉ፤ በ2019 ውድድሩ በሙሉ ፔሩ ውስጥ ሲካሄድ ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ኒፎንቶቫ ማል ሞቶን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት በሳዑዲ ምድቡን ያሸነፈው ሩማንያዊው ኢማኑኤል ጌንየሽ፣ በ2023 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ቻራን ሙር ነው። የምድቡ አሸናፊዎች በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚደገፉ የፋብሪካ ቡድኖች ሰዎች አይደሉም፤ ሞተራቸውን የራሳቸውን ስም ያህል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

መንገድ ማንበብን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ግምት እናንሣ። ሰው ተወዳዳሪዎቹ በጂፒኤስ የሚመሩ ይመስለዋል። ያላቸው መሣሪያ የተደበቁ ነጥቦችን አልፈው እንደሆነ የሚመዘግብ ነው፤ ነጥቡ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር ካልሆነ አቅጣጫ አያሳይም። የሚመራቸው ሮድቡክ የሚባለው የመንገድ መግለጫ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ከመነሻው ያለው ርቀት፣ የመንገዱ ትንሽ ሥዕል፣ ማስታወሻ። ርቀቱ 87.40 ካለና ሥዕሉ ሁለት መንገድ ሲለያይ ካሳየ፣ ማስታወሻው በዲግሪ አቅጣጫ ይሰጣል። ነጂው በግራ አውራ ጣቱ መስመሩን ያሳልፋል፤ በዚያው አውራ ጣት የርቀት ቆጣሪውን ከሮድቡኩ ጋር ያስታርቃል፣ ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት ትንሽ በትንሽ ሊለይ ይችላልና። አንድ የቃለ አጋኖ ምልክት ጥንቃቄ፣ ሁለት አደጋ፣ ሦስት ትልቅ አደጋ ነው። ምሕጻረ ቃሎቹ ፈረንሳይኛ ስለሆኑ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንደ ፊደል ገበታ ይሸመድዳቸዋል።

ሮድቡኩ የወረቀት ጥቅል በነበረበት ዘመን ማታ ይታደልና ተወዳዳሪው ተቀምጦ በቀለም እስክሪብቶ አደጋውን በአንድ ቀለም፣ አቅጣጫውን በሌላ ቀለም ይቀባ ነበር። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከጊዜ በኋላ ጠዋት እንዲታደል ተደረገ፤ አሁን በወረቀቱ ፈንታ ታብሌት መጥቷል። ብዙዎች የቀድሞው ጥበብ ቀረ ብለው ያዝናሉ። እኔ ግን ለማል ሞቶ ሰው አንድ ሰዓት እንቅልፍ የመለሰ ለውጥ ስለሆነ ደግ ነገር ነው እላለሁ። በልምምድ ጊዜ ግን ማንበቡን በቀላሉ መልመድ ይቻላል፤ ሮድቡክ መያዣው ብስክሌት ላይ ተገጥሞ፣ ልብ በፍጥነት እየመታ መስመሮቹን ማንበብ ዋናውን ነገር ያስተምራል፦ ዓይን ወደታች ወርዶ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ በላይ እንዳይፈጅበት። በ2023 አሸናፊው ኬቪን ቤናቪደስ ከ44 ሰዓት በላይ ከፈጀ ውድድር በኋላ ሁለተኛ የወጣውን ቶቢ ፕራይስን የቀደመው በ43 ሰከንድ ነው። ለፊተኞቹ አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ ውድድሩን ይወስናል፤ ለማል ሞቶ ሰው ደግሞ ከጨለማ በፊት መድረስና አለመድረስ ነው።

አካልን በተመለከተ፣ የራሊ ነጂ ቀኑን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። እግር መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱን በትንሹ አጥፎ፣ በጉልበቱ ሰልባቲዮውን ጨምቆ። መሪውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው የክንዱ ጡንቻ ያብጥና በሽፋኑ ውስጥ ይጨናነቃል፤ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ ጣቱ ፍሬን መጭመቅ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ክንድ ማፈርጠም አይደለም፤ በእግርና በወገብ መያዝን መማር ነው። ስለዚህ ረጅም የእግር ጉዞ፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞና የወገብ ልምምድ ከክብደት ማንሣት ይበልጣሉ። አሸዋ ግን አሸዋ ላይ ብቻ ነው የሚለመደው። በ2024 በአጠቃላይ ሁለተኛ የወጣውና በዚያው ዓመት የዓለም የራሊ ሬይድ ሻምፒዮን የሆነው የቦትስዋናው ሮስ ብራንች በካላሃሪ አሸዋ ላይ ያደገ፣ በሙያው አውሮፕላን አብራሪ የሆነ ሰው ነው። በአካባቢው አሸዋ የሌለው ሰው ሞሮኮ ወይም አቡ ዳቢ ሄዶ በአጫጭር ራሊዎች ይማራል፤ አዘጋጁም ቢሆን ቀድሞ ሌላ ራሊ ያልጨረሰን ሰው እንዲሁ አይቀበልም።

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ ከመጀመሪያው መሆን ነበረበት። በጥር 2020 ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ ከሪያድ በተነሣው ክፍል ላይ ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ቀድሞ የቆመለት ተፎካካሪው ቶቢ ፕራይስ ነበር። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያና የአደጋ ጥሪ ቁልፍ አለ፤ ከ2021 ጀምሮ በአየር የሚነፋ መከላከያ ሰደርያ ግዴታ ሆኗል፤ ሄሊኮፕተር እስኪደርስ ግን ከወደቀው ሰው አጠገብ ያለው ሌላው ተወዳዳሪ ነው። ለእርዳታ የቆመው ተወዳዳሪ የቆመበት ጊዜ በኋላ ይመለስለታል። ደም ማቆምና የተጎዳን ሰው አንገት ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ የማያውቅ ሰው በረሃ መግባት የለበትም፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ።

በ2024 የመጣው የ48 ሰዓት ክፍል ዝግጅቱን አንድ ደረጃ አሳደገው። በሩብ አል ኻሊ ባዶ ምድር ላይ ተወዳዳሪዎች ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን በቀረባቸው ጊዜያዊ ሰፈር እንዲቆሙ ተደረገ። ድንኳንና ጥቂት ምግብ ተሰጣቸው፤ የቡድን እርዳታ አልነበረም፤ ፊተኞቹ እንኳ እንደ ማል ሞቶ ሰው አደሩ። ራሱን በራሱ መርዳት የለመደው ሰው እንዲህ ባለ ሌሊት ከሌላው ያነሰ ይደናገጣል።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው፣ ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ውድድሩ ጥር መጀመሪያ ላይ ቢሆንም ከአውሮፓ የሚነሡት ሞተሮችና ሣጥኖች በመርከብ የሚጫኑት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ እውነተኛ ማብቂያ የመርከቡ ቀን ነው። ሞተሩ ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ረጅም የበረሃ ልምምድ ነድቶ፣ ተፈቶ፣ የተበላ ዕቃው ተለውጦ መድረስ አለበት፤ ጨርሶ ያልተፈተነ አዲስ ዕቃ በመጨረሻው ሳምንት መግጠም ክልክል ነው ብሎ ራስ ላይ ሕግ ማውጣት ያስፈልጋል። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነቦታቸው በወረቀት ይዞ መቅረት ይጠቅማል። በቀሩት ሳምንታት የሐኪም ወረቀትና የልብ ምርመራ ይጠናቀቃል፣ ጫማው ለምዶ እንደሆነ ይታያል፣ በብስክሌት ላይ ሮድቡክ ይነበባል፤ መኝታም ቀስ በቀስ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ይወርዳል፣ መነሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስኪሆን ድረስ።